የቡ ቤት ዓሦች ለምን አላደጉም

ጆንግራን ወደ ቡ ቤተሰብ በሙሽርነት ስትገባ ባሏ ማንሺክ «ሦስት ዓመት ብቻ» ብሏት ነበር። ሦስት ዓመት አባቱን በዓሣ እርባታው ሊያግዟቸው፣ ከዚያ ወደ ደሴቲቱ ዋና ከተማ፣ ወደ ጄጁ፣ ወጥተው የራሳቸውን ኑሮ ሊጀምሩ። ሦስቱ ዓመት እንዴት አሥራ ዘጠኝ እንደሆነ ብትጠየቅ በቅጡ አትመልሰውም። አንዱን ዓመት ማዕበል ጣሪያውን ገንጥሎ ወሰደው። አንዱን ዓመት ዓሦቹ ታመው አለቁ። አንዱን ዓመት የባሏ እናት አልጋ ያዙ፤ አስታመመቻቸው፣ ቀበረቻቸው። ሴት ልጅ ተወለደች፣ አደገች፣ ትምህርቷን ልትማር ባሕር ተሻግራ ሄደች፤ እናቲቱ ግን እዚያው ናት። የቀረው ዓመት ደግሞ እንዲሁ አለፈ። ዓመት አንዴ ማለፍ ከለመደ ምክንያት አይጠይቅም።

እርባታው ከጥቁር ድንጋዩ ካብ በታች፣ ባሕሩ አፍ ላይ፣ በጥቁር ሸራ የተሸፈነ ረጅም ቤት ነው። ውስጡ በቀትርም ጨለም ያለ ነው፤ የሚያረቡት ጠፍጣፋ ዓሣ ብርሃን አይወድም። ከመሬት ሥር ለብ ያለ የባሕር ውሃ እየሳበ ወደ ገንዳዎቹ የሚልከው ፓምፕ ሌት ተቀን ያጓራል። ጆንግራን ድምፁን የምትሰማው ሲቆም ብቻ ነው። ያን ጊዜ የጎረሰችውንም ቢሆን ትታ ትነሣለች፣ ፓምፕ ቆመ ማለት ዓሣ ታነቀ ማለት ነውና። በዚህ የተነሣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከባሏ ጋር አብረው ከቤት ውጭ አድረው አያውቁም። እህቷ ስትዳር እንኳ ሄደው አላደሩም፤ ኬኩ ሳይቆረስ ተመለሱ።

ይህ ዓሣ ሲፈለፈል እንደ ማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ ዐይኖቹም አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ናቸው። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ አንደኛው ዐይኑ ራሱን ተሻግሮ ከወንድሙ አጠገብ ይቀመጣል። ከዚያ በጎኑ ይተኛና ዕድሜውን ሁሉ ወደ ላይ እያየ ይኖራል። ጆንግራን መጀመሪያ ያየች ጊዜ ስቃ ነበር። ሰው ሲያያቸው አሁንም ይስቃል፤ እሷ ግን ከተወችው ቆይታለች።

ነገሩ የተቆረጠው የባሏ እናት ሙት ዓመት የተዘከረ ዕለት ነው። ለሟቿ ሩዙና የተጠበሰው ዓሣ ቀርቦ፣ ተሰግዶ፣ ዘመድ ሁሉ ሊበላ ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ፣ ሽማግሌው ጊልናም ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዙረው «በዚህ ኅዳር የሚገባው የዓሣ ጫጩት አድጎ፣ ኪሎ ሞልቶ ከተሸጠልኝ፣ እርባታውን ለእህቴ ልጅ ለቅቄ አርፋለሁ። እናንተም ውጡ። ምራቴ ብዙ ታግሣለች» አሉ። ምራታቸው እዚያው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ግን ለእሷ አልነገሯትም፤ ስለ እሷ ለልጃቸው ነገሩት። በዚያ ቤት ወጉ እንዲህ ነበር። ሽማግሌው ለምራታቸው የሚሉትን በማንሺክ በኩል ይላሉ፣ እሷም የምትመልሰውን በማንሺክ በኩል ትመልሳለች። መከባበር ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? በዚያ ቤት በእርግጥም ዝንብ አልገባም። የገባው ሌላ ነገር ነው።

ዓሣው ኪሎ መሙላት ያለበት ደግሞ ጫጩቱ በገባ በዓመቱ፣ ጥር ሳያልቅ ነው። በእኛ ደሴት ቤት የሚለቀቀው በሺንጉጋን ነው፤ ከዓመቱ ሁሉ አንዲት ሳምንት፣ ጥር ማብቂያ ላይ፣ የቤቱም የምድጃውም የሽንት ቤቱም ቆሌ የዓመት ሥራውን አስረክቦ ወደ ላይ የሚወጣባት፣ ተተኪውም ገና ያልወረደባት። በዚያች ሳምንት ዕቃ ቢነሣ፣ ምድጃ ቢነቀል፣ አፈር ቢቆፈር ተቆጪ የለም። ካለፈች በኋላ ግን ሚስማር የሚመታ ሰው እንኳ ዙሪያውን ያያል። ተማርን የሚሉት የከተማ ልጆች ይስቁብናል፤ እነሱም ቤት የሚቀይሩት በዚያችው ሳምንት ነው። ስለዚህ ጆንግራን ሳምንቷ ካመለጠቻት የሚያመልጣት አንድ ሙሉ ዓመት ነው። እህቷ ኤራን ከተማ ውስጥ ካላት የኑድል ቤት በላይ አንዲት ክፍል ባዶ አድርጋ ትጠብቃታለች። አብረው ሊሠሩ ነው፤ ኤራን ሾርባውን፣ ጆንግራን ሥጋውን። ክፍሏ መስኮት አላት፣ መስኮቱ ወደ ገበያ ያያል። ጆንግራን ያንን መስኮት አስባ የማታውቅበት ቀን የለም።

በኅዳር ማንሺክ ጫጩት ሊገዛ ሄዶ ገንዳዎቹ ከሚችሉት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይዞ መጣ።

«ምን ነካህ?» አለችው።

«ርካሽ አገኘሁ። ደግሞ የሚሞት አይጠፋም።»

የሚሞተው ጥቂት ሆነ። በየካቲት መጨረሻ፣ ሺንጉጋን ካለፈች በኋላ፣ ሽማግሌው ያሠሩት አዲሱ ገንዳ ቤት ተጠናቀቀ፤ ስድስት ሰፋፊ ገንዳ፣ ፓምፑም ቧንቧውም አዲስ። ጆንግራን ዓሦቹ ለሁለት እንደሚከፈሉ አልተጠራጠረችም። ማንሺክ ግን ማታ እራት ላይ ወጡን እየቀላቀለ «አባባ አይሆንም ብለዋል» አላት። «አፈሩ የተቆፈረው ያለ ጊዜው ነው። እስከ ሺንጉጋን ነፍስ ያለው ነገር አይገባበትም ነው የሚሉት።»

«እስከ ጥር? ዓሦቹ የት ሊያድጉ?»

«ታውቂያቸው የለ። ከእሳቸው ጋር ልጣላልሽ?»

እንዲጣላላት አልፈለገችም። እሷም እኮ የዚሁ ደሴት ልጅ ናት። ያለ ጊዜው የተቆፈረ አፈር እንደሚቆጣ በእናት ጡት የጠጣችው ነገር ነው፤ ሰው ሺንጉጋን ሲጠራ የደሴቲቱ ሰው አፉን ይዘጋል። ዘጋች። ሽማግሌው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል በየቀኑ በራፏ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። ልትጠይቃቸው ትችል ነበር። ወግ ሆነና አልጠየቀቻቸውም።

እንግዲህ ቦታው ካልሰፋ ምግቡ ይብዛ ብላ ተነሣች። በየማለዳው በረዶ ሆኖ በካርቶን የሚመጣውን ሰርዲን ታቀልጣለች፣ በመፍጫው ትፈጨዋለች፣ ከዱቄት መኖ ጋር ታቦካዋለች፣ ማሽኑ ጣት ጣት እያሳከለ ያወጣዋል። ድሮ በቀን ሁለቴ ነበር፤ ሦስት አደረገችው። ስብ ያለውን ሰርዲን መርጣ አስመጣች። ነጭ ሽንኩርት ፈጭታ ጨመረችበት፣ የዓሣ ዘይት ጨመረችበት። በእጇ እየበተነች በየገንዳው አፍ ቆማ «ብሉ እንጂ፣ ብሉ፣ እኔም ልሂድበት» ትላቸዋለች። ሰው ቢሰማት አብዳለች ይላት ነበር።

ዓሦቹ ይበላሉ። የሚበሉት ግን ከላይ የተኙት ናቸው። ጠፍጣፋ ዓሣ እንደ ሌላው ዓሣ ውሃውን አይሞላውም፤ ወለሉን ነው የሚሞላው፤ ወለሉ ሲያልቅበት አንዱ በሌላው ላይ ይተኛል። በቡ ቤት ገንዳ ሦስት ድርብ ሆነው ተኝተው ነበር። መኖው ሲወርድ የላይኞቹ ብድግ ብለው ይቀልቡታል፣ የታችኞቹ ሽቅብ ሲሉ ሌላው ይጫናቸዋል። የወፈረው ወፈረ፣ የከሳው ከሳ፤ አንዱ የሌላውን ጅራት መንከስ ጀመረ። የተረፈው መኖ ደግሞ ይበሰብሳል፣ ውሃው ላይ ዘይት ይንሳፈፋል፣ ጠርዙ ላይ አረፋ ይይዛል። በሰኔ አንድ ጠዋት ብዙ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ አገኘች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ጎረቤቷ ወልሶን ከባሕር ስትወጣ በካቡ በኩል ብቅ ትላለች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እስከ ዛሬ ጠልቃ ቀንድ አውጣና የባሕር ቅጠል ታወጣለች፣ ምላሷም እንደ ቢላዋዋ ነው። ያን ቀን ጆንግራን የሞቱትን በገበቴ ስታወጣ አየቻትና አንዱን አንሥታ ገለበጠችው። የተኛበት ጎኑ ነጭ መሆን ሲገባው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታል።

«ይሄ ምን ሆኗል? እኔ ታች የማገኘው ሆዱ ወተት ነው።»

«ሲጨናነቁ ነው፣ እትዬ ወልሶን።»

«እና ለምን አታሰፊላቸውም? ያ ሁሉ ገንዳ ባዶውን ተገትሮ!»

«የማንሺክ አባት እምቢ ብለዋል። አፈሩ ያለ ጊዜው ተቆፍሮ።»

ወልሶን ዓሣውን ወረወረችው። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። ያ ሽማግሌ መቼም... እኔ በልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ ያኔም ቆንቋና ነበር። ልጄ፣ ያንቺ ሰውዬ ግን ወርቅ ነው። አንዲት ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎብሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በይ ተመስገን በይ። የኔው ሲሞት ነው ጩኸት ያቆመ።»

ጆንግራን ስቃ ገባች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌውን ጠላቻቸው። ሩዛቸውን ስታቀርብ ፊታቸውን አታይም። እኚህ ሰው በአንድ አጉል ፍርሃት ዕድሜዬን ይዘውብኛል ብላ አሰበች። አንድ ቀን ዓሣውን ለሽማግሌው ስትጠብስ ሆን ብላ ከነጠብጣቡ ጠበሰችውና ጥቁሩን ወደ ላይ አድርጋ አቀረበችላቸው። ሽማግሌው አዩትና በሉት። እሷም ትንሽ ደስ አላት።

ማንሺክ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከወትሮው ይልቅ ደግ ሆነ። ከተራራው ሥር መንደሪን ያመጣላታል፣ እየላጠ ነጩን ጭራ ሁሉ ለቅሞ ያጎርሳታል። የእግሯ ጣቶች በጎማ ቦቲ ውስጥ ሲላጡ ቅባት ይቀባላታል። «ታገሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል። እንቁላሉ እንኳ ሄደ፤ ዓሣው ነው የቆመ።

ጥር መጣ። ዓሦቹ ተመዘኑ። ጥቂቶቹ ከኪሎ በላይ፣ የቀሩት የዚያ ግማሽ። ነጋዴው መጥቶ አንድ መረብ አወጣ፣ ገለበጣቸው፣ ሆዳቸውን አየ፣ መልሶ ለቀቃቸው። «ሲያድጉ ጥሩኝ» ብሎ ሄደ።

የሺንጉጋን ሳምንት የጭነት መኪናው በመንገዱ ላይ ይርመሰመሳል። ፍሪጅ የጫነ፣ ቁም ሳጥን የጫነ፣ አያት ከፊት የጫነ። ጆንግራን በካቡ ላይ ክርኗን አስደግፋ አንድ ጠዋት ሙሉ ስታይ ዋለች። ኤራን ደወለችላት።

«ደግሞ?»

«ደግሞ።»

«እህቴ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ያሰረሽ ምንድን ነው በእናትሽ? ዓሣ ነው?»

«ዓሣ ነው» አለቻትና ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ማንሺክ ሲገባ ዐይኗን አየና አጠገቧ ተቀመጠ፣ ትከሻዋን ያዛት። «እንግዲህ የዛሬ ዓመት» አላት። ድምፁ ውስጥ ኀዘን ነበር። ኀዘኑ እውነተኛ ነው፤ ይኼ ሰው ሚስቱ ስታለቅስ የሚያዝን ሰው ነው። ነገሩን የሚያከፋውም እሱ ነው።

ቆሌዎቹ የሉምና በዚያች ሳምንት ዓሦቹ ተዛወሩ። ግማሹ ወደ አዲሱ ገንዳ ገባ፣ ትልቁ ከትልቅ ትንሹ ከትንሽ ተለየ። ጆንግራንን ከሁሉ ይልቅ የገረማት ዝምታቸው ነው። በየወለሉ ተዘርግተው፣ እያንዳንዱ በራሱ ቦታ፣ ክንፉን ዘርግቶ ተኛ። መኖውን ወደ ሁለት ጊዜ መልሳ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዘይቱን ትታ፣ እንደ ድሮው ትበትን ጀመር። ሁሉም ብድግ ይላል፣ ሁሉም ይደርሰዋል። መጋቢት ሳያልቅ ትናንሾቹ ሳይቀሩ ወፍረው ጀርባቸው ተነፋ። ያን ሁሉ ወር ስብ ስትመርጥ፣ ስትፈጭ፣ ስትለምናቸው ያልሆነው ነገር በቦታ ብቻ ሆነ። ደስ ሊላት ሲገባ ንዴት ያዛት። ሺንጉጋን አልፋለች፣ ዓሣው አሁን አደገ።

በዚህ ንዴት ላይ ሆና ነው ወጉን የጣሰችው። ማንሺክ የፓምፕ ዕቃ ሊገዛ ወደ ከተማ በሄደበት ቀን የሽማግሌውን የምሳ ገንፎ ይዛ ገባችና፣ አስቀምጣ እንደ መውጣት፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሽማግሌው ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ።

«አባባ፣ ዓሦቹን አይተዋቸዋል?»

«አይቻለሁ። ሰው ሆነዋል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አምና በየካቲት ቢፈቅዱልን ይኼኔ ተሸጠው ነበር። ቆሌ መፍራቱ ባልከፋ። ግን ለዓሣ...»

ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ማነው ቆሌ የፈራ?»

«እርስዎ።»

«እኔ? እኔ አርባ ዓመት ዓሣ ሳዛውር ቀን መርጬ አላውቅም። ቀን የሚመረጠው ሰው ጎጆ ሲለቅ ነው። ዓሣን ምን ቆሌ ይቆጥረዋል? ገንዳው ጠበበ፣ አዛውር፣ አለቀ። አዲሱን ገንዳ ለምን መሰለሽ ያሠራሁት፣ ለዓይን?» ቀና ብለው አዩዋት። «እምቢ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ!»

«ያባትሽ ቤት ጉድጓድ ያለ ቀኑ ተቆፍሮ አጎትሽ ሽባ ሆኖ ቀረ ብሎ ማንሺክ ነገረኝ። እሷ ያንን አዲስ አፈር ስታይ ትንቀጠቀጣለች፣ እስከ ሺንጉጋን ይቆይላት አለ። እኔ ምራቴን ላስጨንቅ ብዬ? ተውኩት።»

«አጎቴ... አጎቴ ባለፈው ሳምንት ዛፍ ላይ ወጥቶ መንደሪን ሲለቅም ነበር» አለች።

ሽማግሌው ገንፎውን አልነኩትም። ቀዝቅዞ ላዩ ቆዳ አወጣ። ጆንግራን ያ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ዓሣ ትዝ አላትና ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ከሰኔ ጀምሮ ባልሠሩት ጠልታቸዋለች። እሳቸውም አንድ ዓመት ሙሉ ለእሷ ሲሉ ዓሣቸው ሲመነምን ዝም ብለው አይተዋል። በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ አንዲት ጥያቄ ብትጠየቅ የሚፈርስ ነገር፣ በመከባበር ቆሞ ከረመ።

«ያስቸገርኩዎት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

«ይልቅ ጠይቄሽ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሚስታቸው የሞቱ ዕለት እንኳ እንዲህ ሲሆን አልሰማችውም።

በማግሥቱ ጠዋት ማንሺክ ሰርዲን ሲፈጭ መፍጫው ጋ ደረሰች። ካርቶን እየቀደደ ነበር።

«አጎቴ መቼ ነው ሽባ የሆነው?»

እጁ ቆመ። ዞር ብሎ ማሽኑን አጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ይክዳል፣ ይቆጣል፣ ወይም ይስቃል። ማንሺክ እጁን በሽርጡ ጠርጎ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ።

«ከተማ ሄጄ ምን ልሁን?» አላት። «የሕንፃ ዘበኛ? የእህትሽ ሳህን አጣቢ? እዚህ ፓምፑ ሲያስል የቱ ጋ እንዳመመው አውቃለሁ። እዚያ ምን አውቃለሁ?»

«አልሄድም ብትለኝስ?»

«ብልሽ ትሄጃለሽ።»

«እና?»

«እና እንዳትሄጂ።»

ጆንግራን ቆማ አየችው። ቢመታት ኖሮ መቼ መሸሽ እንዳለባት ታውቅ ነበር። ቢሰድባት ትሳደብ ነበር። ይህ ሰው ግን መንደሪን እየላጠ ነው በር የዘጋባት፤ በሩን ዘግቶ ደግሞ በሩ ሥር አብሯት ተቀምጦ ያጽናናታል። ጫጩቱን እጥፍ አድርጎ የገዛበት ቀን ትዝ አላት። «ርካሽ አገኘሁ» ያለበት ድምፅ። ከዚያ ወደ ኋላ ሌሎቹ ዓመታት አንድ በአንድ ይመጡባት ጀመር።

«ዓሦቹ ታመው ያለቁበት ዓመትስ?»

«ያኛው እውነት ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

ያኛው እውነት ከሆነ፣ እውነት ያልሆነ ሌላ አለ ማለት ነው። የቱ እንደሆነ ግን አልጠየቀችውም። ማወቁ የሚመልስላት ዓመት የለም።

ቤት ገብታ ኤራን ጋ ደወለች። ቀጥሎ የጭነት መኪና ያለው ሰው ጋ ደወለች። ሰውየው ቀኑን ሲሰማ «በሚያዝያ?» አለ። «እህቴ፣ የሚቀጥለው ሚያዝያ ማለትሽ ነው ወይስ...» ዘጠኝ ቀን ሲቀረው እንደገና ደወለ፣ ዋዜማው ላይም ደወለ። ዕቃ ጫኝ ሆኖ ከጥር ውጭ ዕቃ ጭኖ አያውቅም ነበር።

ወሬው እንደ ተሰማ ወልሶን ሮጣ መጣች፣ ከባሕር ልብሷ ውሃ እየተንጠባጠበ። «ባልሽን ተይው፣ ጥሩ፣ ይገባዋል፣ እኔም በመቅዘፊያ ብመታው ደስ ባለኝ። ወርቅ ነው ማለቴ ይቅር በይኝ። ግን ያለ ቀኑ? ዘጠኝ ወር ጠብቂ፣ ልጄ። ዘጠኝ ወር ምን አላት? ሴት በዘጠኝ ወር ሰው ታወጣለች።»

ሽማግሌውም በራሳቸው አፍ፣ በቀጥታ፣ «ጥር ይድረስና ራሴ አስጭንሻለሁ፣ ዓሣው ቢሸጥም ባይሸጥም» አሏት። ቃላቸውን እንደማያጥፉ ታውቃለች። የሚጠሏት ቢለምኗት ቀላል ነበር፤ የሚወዷት ለመኗት። በዚያ ላይ እሷም ፈርታለች። ሌሊት ስትገላበጥ የምትሰማው የምድጃው ቆሌ እግሩን ሲጎትት ይመስላት ነበር። ክፉ ነገር ቢደርስባት ሁሉም «ነግረናት ነበር» እንደሚል ታውቃለች። ይህን ሁሉ እያወቀች ሳጥኖቿን አሰረች። ዘጠኝ ወር ብትቆይ፣ በዘጠኙ ወር ውስጥ ማንሺክ ቅባቱን ይዞ ይመጣል፣ ጣቶቿን ይቀባላታል፣ እሷም ትቀራለች። ከቆሌው ይልቅ የፈራችው ይህን ነው።

በሚያዝያ፣ ገብሱ አረንጓዴ ሆኖ ነፋስ ሲያስተኛው፣ መኪናው መጣ። መንደሩ ሁሉ ወደ ካቡ ወጣ። ያለ ጥር ዕቃ የተጫነ መኪና አይተን አናውቅም፤ አንዳንዱ ልጁን ወደ ቤት አስገባ። ሽማግሌው ጊልናም በረንዳቸው ላይ ቆመው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት፤ አማት ለምራት እንዲያ አያደርግም። እሷም ከወገቧ ጎንበስ አለች።

ዕቃውን የጫነው ማንሺክ ነው። ማንም አላዘዘውም። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ ሳህኖቹ ያሉበትን ለይቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ አሰረ። ገመዱን ሁለቴ ፈትቶ ሁለቴ አሰረው። ሲጨርስ ጆንግራን ከሾፌሩ አጠገብ ገብታ ተቀምጣ ነበር፤ መስኮቱ ላይ መጥቶ ቆመ።

«አሁን እኮ በሐምሌ ኪሎ ይሞላሉ» አለ።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያበላኋቸው።»

«እንግዲያ ትንሽ...» የካቡን ሰው አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለ ቀኑ ነው፣ ጆንግራን። ስለ እኔ ብለሽ አይደለም። አንድ ነገር ቢደርስብሽስ?»

ጆንግራን ሾፌሩን «እንሂድ» አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። አልተቆጣችም፤ የምትነግረው እንዲገባው ፈልጋለች።

«ደርሶብኛል እኮ» አለችው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ደህናውን ቀን ስጠብቅ።»